የቦንግቺ ኩሬ

በሃይታው የባሕር እንስሳት ሆስፒታል በር ላይ የተለጠፈው የነሐስ ሰሌዳ፣ ሆስፒታሉ የተመሠረተው ሪባን በተቆረጠበትና ባለሥልጣናት ከከተማ በመጡበት ቀን ነው ይላል። ውሸት ነው። በዚያ ቀን የተተከለ ነገር ቢኖር ድንኳኑ ብቻ ነው። ሆስፒታሉ ከዚያ ስድስት ዓመት ቀድሞ ሥራ ላይ ነበር፤ ስንቱን አስታሞ ስንቱን ቀብሯል። እውነተኛውን ታሪክ የፈለገ ከሰሌዳው ሳይሆን ከቦንግቺ መጀመር አለበት።

ቦንግቺ ማለት በመንደሩ ቋንቋ «ምን ይደረግ፣ ትደግ እንጂ» እንደ ማለት ነው። አባቷ አራተኛ ሴት ልጅ ሲወለድለት አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አያት፤ ይህን ስም ጣል አደረገባትና ወደ ጀልባው ሄደ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ስም የተለጠፈባቸው ሴቶች በየመንደሩ ሞልተው ነበር። ብዙዎቹ ነፍስ ካወቁ በኋላ መዝገብ ቤት ሄደው በአበባ ስም አስለወጡት። ቦንግቺ ግን ወይ ፍንክች! «እኔ ምን አሳፈረኝ? የሰጠኝ ይፈር» ትላለች።

ባሏ ሲሞት የዓሣ ኩሬ ጥሎላት አለፈ። አንድ ጎኑ ውኃው እስከ ወገብ ነው፤ ሌላው ጎኑ ከሰው ቁመት በላይ ይጠልቃል። በሰሜን በኩል በቀርከሃና በገለባ ስለታጠረ፣ ነፋሱ ሲበረታ ዓሣዎቹ እዚያ ይጠለላሉ። አንድ ቦይ ከባሕሩ ጋር ያገናኘዋል፤ በቦዩ አፍ ላይ የእንጨት መዝጊያ አለ። መሬቱ የባሕር እናት የሚሏት የማጾ ቤተ መቅደስ ንብረት ነው። ለባሏ አያት «ዓሣ እስካረባችሁ ድረስ ተጠቀሙበት» ተብሎ በቃል ተሰጠው። ወረቀት የሚባል ነገር የለም፤ የጠየቀም አልነበረም።

በሃይታው ማንም ዶልፊንን ዶልፊን አይላትም። የባሕር አሳማ ናት። ስሟ አሳማ ስለሆነም ይበሏት ነበር፤ በዝንጅብልና በሩዝ አረቄ ይቀቅሏታል። ኋላ ግን ሕግ ወጥቶ ነገሩ ተከለከለ። ቦንግቺም በልታለች፤ አትደብቅም። «ጣፋጭ ነበር» ትላለች ለጠየቃት ሁሉ። «አሁን ያልበላሁ መስዬ ካሜራ ፊት አላለቅስም።»

ሕጉ ከወጣ በኋላ በመጣው ጸደይ አንዲት ዶልፊን አሸዋው ላይ ወጣች። መንደሩ በሙሉ ተጠራርቶ ወረደ። ቤተ መቅደሱ ነፍስ ያለውን ነገር ወደ ባሕር መልቀቅ ትልቅ ጽድቅ ነው ብሎ ስለሚያስተምር፣ አርባ ሰው ተረባርቦ ገፍቶ ውኃ ውስጥ ከተታት። ተመልሳ ወጣች። እንደገና ገፏት፤ እንደገና ወጣች። ሦስተኛ ጊዜ ገፍተዋት እያጨበጨቡ ወደየቤታቸው ገቡ። በማግሥቱ ሬሳዋ እዚያው አሸዋ ላይ ተገኘ። የቤተ መቅደሱ ኮሚቴ ሊቀመንበር ጮዋ ኩይጉዋን፣ ከቦንግቺ ባል ጋር የአጎት ልጆች ናቸው፣ «እኛ የሚገባንን አድርገናል፤ ዕጣዋ ነው» ብሎ ንግግር አደረገ።

ቦንግቺ ንግግሩን እስከ መጨረሻው አልሰማችም። ያን ቀን ምግብ አልቀምስ አለች። «ሦስት ጊዜ ተገፍቶ ሦስት ጊዜ የሚመለስ ፍጡር የሚለው ነገር አለው» አለች ለራሷ። «እኛ ደግሞ ጽድቃችንን ስንቆጥር አልሰማነውም።»

ሁለተኛዋ የመጣችው በዚያው ዓመት መከር ላይ፣ መረብ ተጠምጥሞባት ነው። ቦንግቺ ማንንም አላማከረችም። ከዓሣ ገበያ የሚመለሱ ሁለት ሰዎችን አስቁማ፣ አሮጌ በር ላይ ጭና፣ በባለ ሦስት እግር መኪና ወደ ኩሬዋ ወሰደቻት። ከዚያ ስልክ ደወለች።

በአካባቢው ያለው ሐኪም አንድ ነበር፤ ዶክተር ሎ፣ የአሳማ ሐኪም። ወጣት ነው፤ ሲገባም ሲወጣም የአሳማ ሽታ ይቀድመዋል። ስልኩ ይንኮሻኮሽ ስለነበር «አሳማዬ ታማለች፣ ባሕሩ አጠገብ ነኝ» የሚለውን ብቻ ሰማና ሞተር ብስክሌቱን አስነስቶ መጣ።

«አሳማዋ የት ናት አክስቴ?»

«ኩሬው ውስጥ።»

«አሳማ ኩሬ ውስጥ ምን ትሠራለች?»

«ትዋኛለች። ምን ትሥራ?»

ዶክተር ሎ ጎንበስ ብሎ አየ። ቀና አለ። ደግሞ ጎንበስ አለ። ከዚያ የመድኃኒት ሣጥኑ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

«አክስቴ፣ ይቺ እኮ አሳማ አይደለችም።»

«ስሟ አሳማ ነው። አንተ የአሳማ ሐኪም ነህ። ሥራህን ሥራ!»

ሠራ። ምን እንደሚሠራ ባያውቅም ሠራ። ዩኒቨርሲቲ ያለ አስተማሪውን ደውሎ ጠየቀና አንድ ነገር ተማሩ፤ ያን የሰማች ዕለት ቦንግቺ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ዶልፊን እንደ ሰው አየር ትተነፍሳለች። ስትታመምና ጉልበቷ ሲያልቅ ውኃው ላይ መቆየት ያቅታትና ትሰምጣለች። ወደ አሸዋ የምትወጣው መንገድ ጠፍቷት አይደለም፤ ላለመስጠም ነው። አርባ ሰው ሆነው የገፏት ከመኝታዋ ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ያዟት። አራት ሰው ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሞ፣ እጁን ከሆዷ ሥር አድርጎ፣ በየሁለት ሰዓቱ በተራ። መጀመሪያ የቦንግቺ እኅቶች ብቻ ነበሩ የመጡት። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው ቲያምሰንግ መጣ። በዘመኑ እንደሱ የባሕር አሳማ የገደለ አልነበረም፤ አሁን የቤተ መቅደሱ ኮሚቴ ውስጥ ገብቶ ጸሎት የሚያበዛ ሰው ሆኗል። ዳር ቆሞ ጥርሱን በእንጨት እየጎረጎረ ሲያያቸው ቆየ።

«እጅሽን እንዲህ አትያዢ፤ ጎድኗ ላይ ነው ያደረግሽው» አለ በመጨረሻ። «ወደ ኋላ ሳቢው። ክብደቷ ያለው እዚያ ነው።»

«አንተ በምን አወቅህ?» አለችው ቦንግቺ።

«ስንቱን ተሸክሜ የለ እንዴ!» አለና ሱሪውን ጠቅልሎ ገባ።

ሁለተኛዋ አሥራ አንድ ቀን ኖራ ሞተች። ሰው ሁሉ አሁንስ በቃት ብሎ ነበር። ሦስተኛዋ በአዲስ ዓመት ሰሞን ስትመጣ ግን ቦንግቺ ሳትጠራ ሃያ ሰው ተራ ለመያዝ መጣ። ይህችኛዋ አልሞተችም። በሃያኛው ቀን ያለ ሰው እጅ ቀጥ ብላ ተንሳፈፈች። በአርባኛው ቀን ኩሬውን እየዞረች መዋኘት ጀመረች፤ ቦንግቺ የሞተ ዓሣ ስታቀርብላት አፏን ከፍታ ትቀበላለች። ሌላ ስም አልወጣላትም። ሦስተኛዋ ነው የሚሏት። «ስም ካወጣሁላት ስትሄድ ይከብደኛል» ትል ነበር ቦንግቺ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ሕያው ዓሣ ኩሬው ውስጥ ሲለቁላት አትይዝም። ዓሣዎቹ አፍንጫዋ ሥር ሲርመሰመሱ እንደ ጎረቤት ሰላም ብላቸው ታልፋለች። «አድና መብላት ካልቻለች ባሕር ውስጥ ሳምንት አትቆይም» አለ ዶክተር ሎ።

ሊቀመንበር ጮዋ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ኩሬው ዳር ቆሞ፣ ሦስተኛዋ ስትዞር አይቶ፣ ደስ ብሎት እጁን አፋተገ።

«ድናለች እኮ! ሦስተኛው ወር፣ ሃያ ሦስት ላይ እንለቃታለን።»

ሃያ ሦስት የማጾ ልደት ነው። ቦንግቺ የዓሣ ባልዲዋን አስቀመጠች።

«አትደርስም አጎት ኩይጉዋን። ዓሣ መያዝ አልቻለችም።»

«ባሕር ስትገባ ያስታውሳታል። የቴሌቪዥን ሰዎች ጠርቻለሁ። የእናታችን ምስል በቃሬዛ እዚህ ድረስ ይመጣል፤ መዝጊያው ይከፈታል፤ ሕዝቡ ሁሉ ያያል። እስቲ አስቢው!»

«አሰብኩት። ትሞታለች።»

«በበዓል ቀን የሞት ቃል አትጥሪ!»

«ዛሬ በዓል አይደለም። ዛሬ ማክሰኞ ነው።»

ሊቀመንበሩ ፊቱ ተለዋወጠ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ቦንግቺም አትክድም። በሃይታው ጣሪያው የሚያፈሰውን ቤት ሁሉ ያስጠገነ እሱ ነው። ግን ጽድቅ ሲሠራ ሰው እንዲያየው ይወዳል። «መሬቱ የማን እንደሆነ አትርሺ» ብሎ ሄደ።

ሃያ ሦስት ደረሰ። ርችቱ ከጠዋት ጀምሮ ጆሮ ይበሳል፤ የቤተ መቅደሱ ግቢ በሰው ተሞልቷል። ሊቀመንበሩ ረጅሙን የሐር ካባ ለብሶ፣ ጥቁር ባርኔጣ ደፍቶ፣ የእናቲቱ መልስ የሚጠየቅባቸውን ሁለት ቀይ የእንጨት ጨረቃዎች በእጁ ይዞ እናቲቱ ፊት ተንበረከከ። ካሜራው ቀረበ። አንደኛው ጨረቃ በሆዱ፣ ሌላው በጀርባው ከወደቀ መልሱ አዎ ነው፤ ለከባድ ነገር ሦስት ጊዜ በተከታታይ አዎ መምጣት አለበት።

«እናታችን ሆይ፣ የባሕር አሳማዋ ዛሬ ትመለስ?»

ጣለ። አዎ። ሁለተኛ ጣለ። አዎ። ሦስተኛውን ሲጥል ግቢው ጸጥ አለ። አዎ! ሕዝቡ እልልታውን አቀለጠው፤ ከበሮው ተመታ።

ቦንግቺ ከኋላ፣ የጎማ ሱሪዋን እንደለበሰች ቆማ ነበር። እሷም ማጾን ታምናለች፤ ባሏ ባሕር ላይ በዋለ ቁጥር እዚህ ተንበርክካለች። ሦስት ጊዜ አዎ ማለት ቀልድ አይደለም። ከዚያ ግን የጠየቀው ቃል ጆሮዋ ውስጥ ቀረ።

በሃይታው አፍ «ተመለሰ» የሚለው ቃል ሁለት ቤት አለው። ከሥራ ወደ ቤቱ የገባ ሰው ተመለሰ ይባላል። የሞተ ሰውም ተመለሰ ይባላል፤ ሞተ ብሎ በግልጽ መናገር ነውር ነው። ጮክ ብላ ተናገረች።

«አጎት ኩይጉዋን! ባሌ ከተመለሰ ስንት ዓመት ሆነው?»

«ዘጠኝ ዓመት» አለ ሳያስበው።

«ከየት ነበር የተመለሰው? ከገበያ?»

አንድ ሰው ሳቀና አፉን ያዘ። ቦንግቺ በሕዝቡ መሐል እየገፋች ወደ ፊት መጣች።

«እናታችንን ዛሬ ትመለስ ወይ ብለው ጠየቋት። እሷም አዎ፣ ትመለሳለች አለችዎት። ሦስት ጊዜ ነገረችዎት! እኔም ከእናታችን ጋር እስማማለሁ። ዛሬ ከከፈትንላት ሳምንት ሳይሞላ ትመለሳለች፤ እንደ አንደኛዋ አሸዋ ላይ እናገኛታለን።»

ጉርምርምታ ተነሳ። አሮጊቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሊቀመንበሩ ባርኔጣውን አስተካከለ።

«ምን ለማለት እንደፈለግሁ እናታችን ታውቃለች።»

«እንግዲያው አጥርተው ይጠይቋታ። 'ዛሬ ብትለቀቅ በሕይወት ትኖራለች ወይ?' ይበሉ። ጨረቃዎቹ እጅዎ ላይ ናቸው።»

የሊቀመንበሩ እጅ አልተነሳም። ካሜራው አሁን እጁን ነበር የሚያሳየው። ጨረቃዎቹ ሁለቱም በጀርባቸው ቢወድቁስ? በእናቲቱ ልደት፣ በሕዝብ ፊት፣ አይሆንም ብትለውስ?

«መልስ ያገኘ ጥያቄ ሁለተኛ አይጠየቅም» አለ።

«ራስሽ ጠይቂያት!» ብሎ ጮኸ አንዱ ከኋላ።

ቦንግቺ ጨረቃዎቹን ከእጁ ወሰደች። እጇ ላይ ከበዷት። አዎ ቢመጣስ ብላ አሰበች። ያኔ ምን ትላለች? አንደኛዋን ዶልፊን አስታወሰች፤ አርባ ሰው እያጨበጨበ። ቀስ ብላ ጨረቃዎቹን ጠረጴዛው ላይ፣ ፍራፍሬው አጠገብ መልሳ አኖረቻቸው።

«አልጠይቅም» አለች። ወደ ሕዝቡ ዞራ ደገመችው። «አልጠይቅም! እናታችን አዎ ብትለኝም አልከፍትም። ትቆጣኝ፤ ቁጣዋን በራሴ እቀበላለሁ። ዓሣ መያዝ እንደማትችል ግን በየቀኑ በዓይኔ አይቻለሁ። ያየሁትን ለማመን የማንንም ፈቃድ አልጠይቅም።»

ወጥታ ሄደች። ሰልፉም ተከተላት፤ ከበሮው፣ ቃሬዛው፣ ካሜራው፣ ሁሉም። ሲደርሱ ቦንግቺ ቦዩ ውስጥ ወርዳ ጀርባዋን ለመዝጊያው ሰጥታ ቆማ ነበር። ውኃው እስከ ደረቷ ነው። ሦስተኛዋ የከበሮውን ድምፅ ሸሽታ ከኩሬው ጥግ ተለጥፋለች።

«ውጪ ቦንግቺ» አለ ሊቀመንበሩ።

«አልወጣም።»

«ሰዎች ያወጡሻል።»

«ያውጡኝ! ማን ነው እሱ? እስቲ ይውረድ!»

ቃሬዛውን የተሸከሙት ጎረምሶች መሬት መሬት አዩ። ግማሾቹ በዚያ ኩሬ ተራ የያዙ ናቸው። ቲያምሰንግም ከኮሚቴው ጋር ቆሞ ነበር፤ ካባውን አውልቆ፣ አጥፎ፣ ሣር ላይ አስቀመጠና ወርዶ ከጎኗ ቆመ። ሊቀመንበሩ መበለትና ሽማግሌ በካሜራ ፊት ሊያስጎትት አይችልም። ሰልፉ ዞረ።

ሊቀመንበሩ ግን አልዞረም። ሰው እስኪርቅ ጠበቀና ቦዩ ዳር ቁጢጥ አለ።

«የአያቶቻችን ቃል ምን ይላል? ዓሣ እስካረባችሁ ድረስ ይላል። አንቺ ዓሣ ማርባት ከተውሽ ቆየሽ።» ጣቱን ወደ ሦስተኛዋ ቀሰረ። «ሐኪምሽ ራሱ እየነገረን አይደል እንዴ፣ ይቺ ዓሣ አይደለችም። አምስተኛው ወር ሲያልቅ ኩሬውን ታስረክቢያለሽ።»

ልክ ነበር። በቃል ይዛው የመጣችውን በቃል ነጠቃት። ይህ ከምንም በላይ ቦንግቺን አናደዳት፤ እሷ ራሷ ባስተማረችው መንገድ ነበር የሄደው።

«እስከዚያ ድረስ መዝጊያው የእኔ ነው» አለችው።

ሦስተኛዋን ዓሣ ማደን ማስተማር ሥራ ሆነ። ቀኑ እየተቆጠረ ነው። ዶክተር ሎ የሞተ ዓሣ በክር እያሰረ ይጎትትላታል፤ ከዚያ ግማሽ ነፍስ ያለው፤ ከዚያ ሙሉ። ቦንግቺ ምግቧን ቀነሰችባት። ሦስተኛዋ አፏን ከፍታ እየመጣች ስትለምናት ፊቷን አዞረች፤ ጀርባዋን ሰጥታ አለቀሰች። «ጥይኝ! ጥይኝና ብይ!» ትላታለች። ከበዓሉ በኋላ በአርባ አንደኛው ቀን ሦስተኛዋ ድንገት ውኃውን በጅራቷ መትታ ተወረወረች። ውኃው ተረጨ። ስትመለስ አፏ ውስጥ የሚፈራገጥ ነገር ነበር። ዶክተር ሎ በደስታ ከነጫማው ኩሬው ውስጥ ገባ።

የለቀቋት ተራ በሆነ ጠዋት፣ ዝናብ እያካፋ ነው። መዝጊያውን ቦንግቺ ራሷ አነሳች። አምስት ሰው ነበር። ሦስተኛዋ ቦዩ አፍ ላይ ጥቂት ቆመች፤ የባሕሩ ውኃ ፊቷን ሲነካው ሄደች። አልዞረችም። ቲያምሰንግ በጀልባ እስከ ጥልቁ ተከትሏት ሲመለስ «ሁለት ጊዜ ስትይዝ አይቻለሁ» አለ። ቦንግቺ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን የኮራችበት ጊዜ የለም፤ በምንም አታለዝበውም፣ ኮራሁ ነው የምትለው።

አምስተኛው ወር ሲያልቅ የአጥሩን ቁልፍ ወስዳ የሊቀመንበሩ ሻይ ጠረጴዛ ላይ ጣለችው። «ዓሣ አርቡበት» አለችው። ግን ማን ይግባ? አንዱ ወገቤን አመመኝ አለ፤ ሌላው ሚስቴ እምቢ አለች አለ። ኩሬው ባዶውን ቆመ። ቦንግቺ ከእኅቷ ጋር ኦይስተር የሚባለውን ባለቅርፊት የባሕር እንስሳ እየፈለፈለች ኖረች። እጇ በቅርፊቱ ተቆራርጧል፤ አፏ ግን እንደ ድሮው ነው።

በአሥራ አንደኛው ወር አንድ ጠዋት ዶክተር ሎ በሞተር ብስክሌቱ እየጋለበ መጣ።

«አክስቴ ነይ! የሦስተኛዋን እጥፍ የምታህል ወጥታለች!»

ባሕሩ ዳር ሲደርሱ ቦንግቺ ያየችውን ማመን አቃታት። ማንም አልገፋትም። ሰዎቹ እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ገብተው፣ ግራና ቀኝ ተሰልፈው፣ እጃቸውን ከሆዷ ሥር አድርገው ይዘዋታል። ጀርባዋ ላይ እርጥብ ጨርቅ አለ፤ የመተንፈሻ ቀዳዳዋ ክፍት ነው። በሰሜን ነፋስ ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኗል። ቤተ መቅደሱ ቅርብ ስለሆነና ኮሚቴው ለስብሰባ መጥቶ ስለነበር፣ ቀድመው የገቡት ሰባቱ የኮሚቴ አባላት ናቸው። ሊቀመንበር ጮዋም አለ፤ ከነቆዳ ጫማው፣ ጅራቷ ላይ። ከባዱ ቦታ እሱ ነው። አንድ ሰው በማዕበል ሲወድቅ ለጅራቱ የቀረበው እሱ ነበር።

ቦንግቺ ሳትናገር ገባችና ከቲያምሰንግ ጎን እጇን ከሥር ሰደደች። ቆዳዋ ትኩስ ነበር፤ ትንፋሿ አጭር አጭር።

«መኪናው እየመጣ ነው፤ ሃያ ደቂቃ» አለ ዶክተር ሎ። «ጸጥ ያለ ውኃ ያስፈልጋታል። ወዴት እንውሰዳት?»

ሁሉም ወደ ሊቀመንበሩ አየ።

«ኩሬው ይከፈታል» አለ ሊቀመንበሩ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። «ለዚች ብቻ።»

«ለሚቀጥለዋስ?» አለች ቦንግቺ።

«የሚቀጥለዋን ስትመጣ እናያለን።»

«አላይም! ሰው በየጊዜው ደጅ እየጠና አይታከምም። ኩሬው የባሕር እንስሳት ሐኪም ቤት ይሁን፤ ዛሬም፣ እኔ ስሞትም። ይህን ካላችሁ አብሬያችሁ እሠራለሁ። ካላላችሁም ይቺን አስታምሜ እወጣለሁ፤ ሁለተኛ ግን በሬን እንዳታንኳኩ።»

«ቦንግቺ፣ ይህን እኔ ብቻዬን አልወስንም። ኮሚቴው መሰብሰብ አለበት።»

ቦንግቺ በአንገቷ እየጠቆመች ቆጠረች። ቲያምሰንግ፣ ከሱ ቀጥሎ ሁለቱ ወንድማማቾች፣ ማዶ ሦስት፣ ጅራቱ ላይ ሊቀመንበሩ።

«ሰባት» አለች። «ተሰብስቧል።»

«ሙሉ ነን» አለ ቲያምሰንግ። «ከአዲስ ዓመት ወዲህ ሙሉ ሆነን አናውቅም።»

አንድ ሁለቱ ሳቁ። ማዕበል መጣና ሁሉንም አነቃነቃቸው፤ እንስሳዋን አጥብቀው ያዙ። ሊቀመንበሩ ጨው ውኃ ተፋ።

«እሺ» አለ። «እሺ! በድምፅ ይሁን። ኩሬው ለዘለቄታው ሐኪም ቤት ይሁን የሚል፣ እጁን ያንሳ።»

«ምን ነካህ?» አለ ቲያምሰንግ። «እጃችንን ካነሳን ትሰምጣለች።»

እንስሳዋ ተነፈሰች፤ ሙቁ ትንፋሽ ሁሉም ፊት ላይ ተረጨ።

«እንግዲያው» አለች ቦንግቺ፣ «የሚቃወም እጁን ያንሳ።»

ጠበቀች። ሊቀመንበር ጮዋ ግራውን አየ፣ ቀኙን አየ። ከዚያ ጅራቷን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ያዘ።